የማሾው ዋጋ ይታወቃል፤ የሽንኩርቱስ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ደብረ ሲናን ከተሰናበተ በኋላ ቁልቁል ይንደረደራል። ደጋው ላይ የተደረበው ጋቢ ይወልቃል፤ የመኪናው መስኮት ይከፈታል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት የይፋት ቆላ መናኸሪያ ናት። በዙሪያዋ ያለው የቀወት ወረዳ ገበሬ ማሽላና ጤፉን በዝናብ፣ ሽንኩርትና ቲማቲሙን ደግሞ በመስኖ ያለማል። ከእነዚህ ጋር ማሾ የምትባል ትንሽ አረንጓዴ ጥራጥሬ አለች። ድርቅን ትችላለች፣ በሁለትና በሦስት ወር ትደርሳለች። አብዛኛዋ ለሽያጭ ስለምትመረት ከጎተራ ይልቅ ወደ ገበያ ታመራለች።

ሽንኩርትና ማሾ በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ገበሬ እጅ ይበቅላሉ። ዋጋቸው የሚታወቅበት መንገድ ግን የተለያየ ነው። ማሾ አገር አቀፍ የግብይት ሥርዓት ውስጥ የገባች፣ ደረጃ የወጣላት፣ የዕለት ዋጋዋ በይፋ የሚነገር ሰብል ሆናለች። የሽንኩርት ዋጋ ደግሞ እስከ ዛሬ ባመዛኙ ያለው በደላላው ስልክ ውስጥ ነው። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ለአንድ ድሃ አገር ሕዝብ ምን ሊሠራ እንደሚችል፣ የት ላይ እንደሚቆምም ለመረዳት ከእነዚህ ሁለት ሰብሎች የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

ይፋት ለዜናና ለንግድ እንግዳ አይደለም። ከ13ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የኢፋት ሱልጣኔት የዘይላን ወደብ ከመሐል አገር ጋር በሚያገናኘው የሲራራ ንግድ መስመር ላይ ቆሞ ነበር። በኋለኞቹ ዘመናትም ከተራራው ጫፍ አንኮበር፣ ከግርጌው ደግሞ የአልዩ አምባ ገበያ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ዘመን የጨውን ወይም የቡናን ዋጋ የሚያውቀው ከሲራራው ጋር የተጓዘው ነጋዴ ነው፤ ገበሬው የሚሰማው ነጋዴው ሊነግረው የፈለገውን ነበር። ቀድሞ ያወቀ ያተርፋል፣ ዘግይቶ የሰማ ይከስራል።

ይህ ክፍተት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ኢትዮጵያ በቅርብ ዘመን አይታለች። በ1994 ዓ.ም. ትርፍ አምራች በሆኑ አካባቢዎች በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው ክፉኛ ወደቀ። የመሰብሰቢያውን ጉልበት እንኳ አይመልስም ብለው ሰብላቸውን ማሳ ላይ የተዉ ገበሬዎች ነበሩ። በዓመቱ ድርቅ መጣና ከ13 ሚሊዮን ያላነሰ ሕዝብ የምግብ ርዳታ ፈለገ። ትርፉ ያለበትን ቦታ ከጎደለበት ቦታ ጋር የሚያገናኝ፣ ዋጋን በግልጽ የሚያሳይና ግብይትን የሚያስተማምን ሥርዓት አልነበረም። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዋ ዶ/ር እሌኒ ገብረ መድኅን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እንዲቋቋም የተሟገቱት ይህን ጉድለት በማጥናት ነው። ምርት ገበያው በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

አሠራሩ ለገበሬ ጆሮ እንግዳ ቢመስልም ውስብስብ አይደለም። ምርቱ መጋዘን ሲደርስ ናሙና ይወሰድለታል፤ እርጥበቱ፣ ጥራቱና ባዕድ ነገሩ ተለክቶ ደረጃ ይወጣለታል። ባለቤቱ ደረሰኝ ይይዛል። ግብይቱ የተጀመረው በአዲስ አበባ ነው። መጀመሪያ ገዥና ሻጭ ፊት ለፊት ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ መዳፍ ለመዳፍ ተማትተው ይዋዋሉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ግብይቱ ወደ ኮምፒውተር ዞረ። የዕለቱ ዋጋ በገጠር ከተሞች በተተከሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች፣ በሬዲዮ፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክት፣ እንዲሁም 929 ላይ ደውለው በሚያዳምጡት ድምፅ ለሕዝብ ይደርስ ጀመር። ማሾ እ.ኤ.አ. በ2014 በዚህ ሥርዓት ውስጥ ገባች።

የይፋት ማሾ አምራች በዚህ ሁሉ ሀብታም ሆነ ማለት አይደለም። አነስተኛ ገበሬ ራሱ አዲስ አበባ ሄዶ አይገበያይም፤ በመካከሉ ሰብሳቢው፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩና አቅራቢው አሉ። ለውጡ ሌላ ቦታ ነው። ሰብሳቢው መጥቶ «ማሾ ወርዷል» ሲል ገበሬው ቃሉን የሚያመሳክርበት ነገር አገኘ። ስልክ ደውሎ፣ ሬዲዮ አዳምጦ፣ ወይም የማኅበሩን ሰው ጠይቆ «ትናንት በዚህን ያህል ተሸጧል» ብሎ ይመልሳል። ማሾ ደግሞ ደረቅ እህል ነው፤ ዋጋው ካልጣመው ጆንያው ውስጥ ጥቂት ሳምንት ሊያቆየው ይችላል። ያወቀውን ነገር ሥራ ላይ ለማዋል ጊዜ አለው።

ሽንኩርት ይህን ጊዜ አይሰጥም። ከፍል ተነቅሎ ማሳ ላይ ከተተከለ በኋላ በውኃ፣ በአረም፣ በማዳበሪያና በመድኃኒት ብዙ ገንዘብ ይበላል። አንገቱ ታጥፎ ቅጠሉ መውደቅ ሲጀምር መነቀል አለበት። ከተነቀለ ሙቀቱ አያስቆየውም፤ ይበሰብሳል፣ ይበቅላል፣ ይቀላል። የቆላው ገበሬ ምርቱን በአግባቡ አድርቆ የሚያቆይበት መጋዘን የለውም። ስለዚህ የሚወስነው ሰው ከመነቀሉ አስቀድሞ ማሳው ላይ ይገኛል፤ እሱም ደላላው ነው። ደላላው ስልኩን አውጥቶ አዲስ አበባ ካለው ነጋዴ ጋር ይነጋገራል። ገበሬው አጠገቡ ቆሞ የስልኩን ግማሽ ወሬ ይሰማል። ሌላውን ግማሽ፣ ማለትም የከተማውን ዋጋ፣ የጥሪው ባለቤት ብቻ ያውቀዋል። አይሱዙው ማታ ተጭኖ ሌሊቱን ይጓዛል፤ ንጋት ላይ አዲስ አበባ አትክልት ገበያ ይራገፋል።

ገበሬውም ስልክ አለው። ደላላው ስልክ አለው። ልዩነቱ ከስልኩ ማዶ ያለው ሰው ነው።

ስልክ በራሱ ዋጋን ያስተካክላል የሚለው ተስፋ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በደቡብ ህንድ ኬረላ በሚባለው ግዛት የዓሣ አጥማጆች ታሪክ በዓለም ዙሪያ ተጠቅሷል። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 የሞባይል ኔትወርክ ወደ ባሕር ዳርቻው ደረጃ በደረጃ ሲዘረጋ አጥማጆቹ ከጀልባቸው ላይ ሆነው የትኛው ወደብ ገዥ እንዳለው ይደውሉ ጀመር። ሮበርት ጄንሰን የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ገዥ አጥቶ ይጣል የነበረው ዓሣ ቀረ፤ የአጥማጆቹ ትርፍ በ8 በመቶ ጨመረ፤ ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ በ4 በመቶ ቀነሰ። ሻጭም ገዥም ተጠቀሙ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገው ጥናት ግን ሌላ ነገር ነው የነገረን። ጌታው ታደሰና ጎድፍሬይ ባሂግዋ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሥራ ሞባይል በኢትዮጵያ ገበሬዎች የገበያ ውሳኔ ላይ ያመጣው ለውጥ ደካማ መሆኑን አገኙ። ዋናው ምክንያት ገበሬው የሚፈልገው መረጃ በስልኩ ሊያገኘው የሚችል ሆኖ አለመቅረቡ ነው። የኬረላው አጥማጅ ጀልባውን ወደ ሌላ ወደብ ማዞር ይችላል። የሸዋ ሮቢቱ ሽንኩርት አምራች ጀልባውም፣ ሌላው ወደብም፣ አማራጩን የሚነግረው ሰውም የሉትም። ስልኩን ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለዕድር ጥሪና ሳዑዲ ካለችው ልጁ ጋር በኢሞ ለመነጋገር በደንብ ይጠቀምበታል። ለኑሮው ከባድ ውሳኔ ሲሆን ግን ስልኩ ዝም ይለዋል።

ይህን ዝምታ ለመስበር ከተሞከሩት ሥራዎች መካከል 8028 የሚጠቀስ ነው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ የዛሬው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኢንስቲትዩት፣ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በ2006 ዓ.ም. የጀመረው ነፃ የስልክ መስመር ነው። ሚሊዮኖች ደውለውለታል። ስማርት ስልክ አይጠይቅም፤ ኢንተርኔትም፣ ማንበብም አያስፈልገውም። በጣም ርካሹ ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃዋል። ደዋዩ መጀመሪያ ቋንቋውን ይመርጣል፤ ክልሉን፣ ዞኑንና ወረዳውን ያስመዘግባል። ከዚያ ሰብሉን፣ ቀጥሎም ያለበትን የሥራ ደረጃ በቁጥር ይነካል፦ ማሳ ዝግጅት፣ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ሰብል ጥበቃ፣ ድኅረ ምርት። አንዲት እናት ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላ፣ በአንድ እጇ መኮትኮቻ ይዛ፣ በሌላው ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ልትከታተለው የምትችል ትምህርት ነው።

የመስመሩ ሌላው ጥቅም ደዋዩ ሲመዘገብ የሚተወው አድራሻ ነው። የስንዴ ዋግ ወይም የበቆሎ በሽታ በአንድ አካባቢ ሲታይ፣ በዚያ ወረዳ ለተመዘገቡ ገበሬዎች ብቻ ማስጠንቀቂያ መላክ ይቻላል። ኤጀንሲው ቆየት ብሎ የገበያ ዋጋን በስልክ የሚያሳውቅ ብሔራዊ የገበያ መረጃ ሥርዓትም ጀምሯል። መንገዱ ትክክል ነው። ሽንኩርትን የመሰለ ሰብል ግን ዋጋው ጠዋትና ከሰዓት ይለያያል፤ ደረጃ ያልወጣለት በመሆኑም «የሽንኩርት ዋጋ ይህን ያህል ነው» ሲባል የትኛው ሽንኩርት ነው የሚል ጥያቄ ይነሣል። የሳምንቱ አማካይ ዋጋ ማሳ ላይ ከደላላው ጋር ለተፋጠጠ ሰው ብዙ አይረዳውም።

መረጃው ከማን አፍ እንደሚወጣም ትልቅ ነገር ነው። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የገባውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን የዚያ ዘመን ተማሪ አይረሳውም። በሳተላይት የሚሠራጨው ትምህርት በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀና በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ነበር። ሥዕሉ ያማረ፣ ሙከራው የጠራ፣ ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ትልቅ ሲሳይ ነበር። ነገር ግን የፕላዝማው አስተማሪ ተማሪው እጁን ቢያነሣ አያየውም፤ ያልገባውን አይደግምለትም። ጥያቄው መጥቶ መልሱ ሳይታሰብበት ሰዓቱ ያልቅ ነበር። መብራት ከጠፋማ ትምህርቱ ሁሉ ይዘለላል። መምህሩ በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆኖ መቅረቱ ብዙዎችን አሳዝኗል።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር የሠራው የቪዲዮ ትምህርት ነው። ሥራው በህንድ የተጀመረ ሲሆን ኋላ አማራን ጨምሮ በተለያዩ የኢትዮጵያ ክልሎች ተስፋፋ። ቪዲዮው ውስጥ የሚታየው ባለሙያ ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ የዚያው አካባቢ ገበሬ በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ማሳ ላይ በመስመር ሲዘራ ወይም ማዳበሪያ ሲለካ ይታያል። የልማት ሠራተኛው በእጅ የምትያዝ፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ይዞ ማታ ገበሬዎች በሚሰበሰቡበት ቤት ግድግዳው ላይ ያሳያል። መሐል ላይ ያቆመዋል፤ «ይህን አያችሁ? ለምን ይመስላችኋል?» ይላል። ጥያቄ ይነሣል፣ ክርክር ይከተላል፣ ከዚያ ቪዲዮው ይቀጥላል። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት በዚህ መንገድ የተማሩ ገበሬዎች በተለመደው መንገድ ከተማሩት ይልቅ ትምህርቱን በተሻለ ተረድተው ሥራ ላይ አውለውታል። ፕላዝማውም ይህም ስክሪን ናቸው። በአንዱ መምህሩ ከመሐል ወጣ፤ በሌላው የልማት ሠራተኛው መሐል ላይ ቆሞ ቀረ።

እስከ አሁን የተነሣው መረጃ ወደ ገበሬው የሚወርደው ነው። ከገበሬው ወደ ላይ የሚወጣውስ?

በ2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የወረረው የበረሃ አንበጣ በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያም፣ ማሽላውና ጤፉ ሊሰበሰብ በተቃረበበት ሰዓት፣ መንጋው በምሥራቅ አማራ ቆላ ላይ ብዙ ጉዳት አደረሰ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የሚበላው 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል ነው። ገበሬው ጅራፍ አጩኾ፣ ቆርቆሮ ደብድቦ፣ ጭስ አጭሶ ታገለው። አንበጣን ለመከላከል ግን ቁልፉ ቀድሞ ማወቅ ነው፦ ዛሬ የት አደረ? ንፋሱ ነገ ወዴት ይወስደዋል? መርጫ አውሮፕላኑ የት ይሂድ?

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በዚያ ወቅት ኢሎከስት የተባለውን የመስክ መመዝገቢያ በተራ ስማርት ስልክ ላይ እንዲሠራ አድርጎ አወጣው። የመስክ ሠራተኛው አንበጣው ያለበትን ቦታ፣ ብዛቱንና ዕድሜውን በስልኩ ይሞላል፤ ቦታውን ስልኩ ራሱ ከሳተላይት ያነብባል፤ ኔትወርክ ከሌለ መዝግቦ ያቆይና ኔትወርክ ሲገኝ ይልከዋል። ከየቀበሌው የሚመጣው መረጃ ተደማምሮ የአገሮችን የዘመቻ ካርታ ይሠራል። እዚህ ላይ የቀበሌው ሰው ትምህርት ተቀባይ ብቻ አይደለም። በካርታው ላይ ያለችው እያንዳንዷ ነጥብ ማሳ ውስጥ ቆሞ ያየ ሰው የላካት ናት።

በይፋት ቆላ ከአንበጣ ይልቅ በየዓመቱ የሚመላለሰው ጠላት ወባ ነው። ሙቀቱ፣ መስኖውና ያቆረው ውኃ ለትንኟ ይመቻታል። ወባ ቀድሞ ሳይታወቅ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ የኢትዮጵያ ታሪክ ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1958 በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ዝናቡ ከተለመደው በላይ ዘንቦ ነበር፤ ሙቀቱም ጨምሮ ነበር። ምልክቶቹ ነበሩ፤ ምልክቶቹን የሚያነብብና የሚያስጠነቅቅ ግን አልነበረም።

ዛሬ ምልክቶቹን ማንበብ ይቻላል። ኤፒዴሚያ የተባለው የምርምር ሥራ በአማራ ክልል 47 ወረዳዎች ላይ የተካሄደ ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ከክልሉ ጤና ቢሮና ከጤና፣ ልማትና ፀረ ወባ ማኅበር ጋር ሆነው ሁለት ዓይነት መረጃ አጣመሩ። አንደኛው ሳተላይት የሚለካው ዝናብ፣ የምድር ሙቀትና የዕፅዋት ልምላሜ ነው። ሁለተኛው ከየጤና ተቋሙ በየሳምንቱ የሚላከው የወባ ሕሙማን ቁጥር ነው። ኮምፒውተሩ ሁለቱን አዛምዶ በመጪዎቹ ሳምንታት የትኛው ወረዳ ላይ ወባ ሊጨምር እንደሚችል ይተነብያል። አጎበርና መድኃኒት ወረርሽኙ ሳይነሣ እንዲደርስ የሚያስችል ጊዜ ይሰጣል።

ይህ ትንበያ የሚቆመው ግን ጤና ኬላ ውስጥ ባለችው ሴት ላይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው የተመደቡት ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ፣ የቤተሰብ ማኅደር እየሞሉ፣ የታመመውን እየመረመሩ የአገሪቱን የጤና ሥርዓት ተሸክመዋል። የጤና ሚኒስቴር የወረቀቱን ማኅደር ወደ ታብሌት ለማዞር ኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ዘርግቷል። ታብሌቱ ባለሙያዋን የነፍሰ ጡሯን የክትትል ቀን ያስታውሳታል፣ ክትባቱን ያቋረጠውን ሕፃን ይለይላታል። ቻርጅ የሚደረግበት መብራት፣ መረጃው የሚላክበት ኔትወርክና ሲበላሽ የሚጠግን ሰው ከሌለ ግን ሥራዋ እጥፍ ይሆናል፦ አንድ ጊዜ በወረቀት፣ አንድ ጊዜ በታብሌት። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ይህ ቁጥር መተንበይ መቻል ብቻውን እንደማይበቃ በግልጽ ይናገራል፤ ግጭት፣ የመድኃኒት እጥረትና የተቋረጠ የመከላከል ሥራ ከኮምፒውተሩ ይቀድማሉ።

በገንዘብ በኩል ለውጡ ፈጣን ነው። ቴሌብር የተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተጠቃሚው ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ኤምፔሳን በ2015 ዓ.ም. ይዞ ገባ። ኬንያ ውስጥ ኤምፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 ከተጀመረ በኋላ የመጣውን ለውጥ ያጠኑት ታቭኒት ሱሪና ዊልያም ጃክ፣ 194,000 ቤተሰቦችን ከድህነት እንዳወጣና በተለይ ለሴቶች ጠቃሚ እንደነበር አሳይተዋል። ሴቶች የራሳቸውን ገንዘብ በራሳቸው ስም መያዝ ቻሉ፤ ከእርሻ ወደ ንግድ የተሻገሩም ብዙ ናቸው። ቴሌብር *127# ተነክቶ ያለ ኢንተርኔት በባለ ቁልፍ ስልክም መሥራቱ ለገጠሩ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሽንኩርት የሸጠው ገበሬ ጥሬ ገንዘብ በኪሱ ይዞ ሌሊት ከመጓዝ፣ ወይም «ከአዲስ አበባ ስመለስ እከፍልሃለሁ» የሚለውን ቃል ይዞ ከመጠበቅ፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ገንዘቡ ስልኩ ላይ መግባቱን አይቶ መሸኘት ይችላል።

ይሁንና ከዚህ ሁሉ ውጪ የቀረ ሕዝብ አለ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ማንበብ የሚችሉት 42 በመቶ፣ ከወንዶቹ ደግሞ 69 በመቶ ነበሩ። የራሳቸው ሞባይል ያላቸው ሴቶች ድርሻም ከወንዶቹ ግማሽ ገደማ ነበር። ቤት ውስጥ አንድ ስልክ ካለ አባወራው ይዞት ገበያ ይሄዳል፤ ጓሮ የምታለማውና ልጅ የምታስታምመው እናት ያለ ስልክ ትውላለች። ለሴቶች የተዘጋጀ ምክር በባል ስልክ ቢላክ ምን ያህል እንደሚደርስ መገመት አያስቸግርም።

ቋንቋም አለ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ከገባ ወዲህ አማርኛ በስልክና በኮምፒውተር ያለ ችግር ይጻፋል። ይፋት ውስጥ ግን አማርኛ ብቻ አይነገርም። የሰንበቴን የእሑድ ገበያ ያየ ሰው አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በአንድ ሜዳ ሲገበያዩ ያውቃል። ሻጭና ገዥ በሁለትና በሦስት ቋንቋ ይግባባሉ። ለዚህ ገበያ የሚዘጋጅ የድምፅ አገልግሎት የገበያውን ያህል ቋንቋ ማወቅ አለበት።

ከዚያ የሰላም ጉዳይ ይመጣል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን ራሷን ነክቷል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በስልክ መገበያየትን፣ በታብሌት መመዝገብን፣ በኢንተርኔት መማርን የለመደ ሰው አንድ ቀን ጠዋት ሲነሣ መንገዱ ተዘግቶ ያገኘዋል። ያጣው አገልግሎቱን ብቻ አይደለም፤ እምነቱንም ነው። ነገ ሊጠፋ በሚችል ነገር ላይ ኑሮውን ለመመሥረት ማንም አይደፍርም። ለሕዝብ ልማት የሚዘረጋ መስመር በክፉ ቀንም የማይዘጋ መሆን ይገባዋል፤ ጤና ኬላዋ ከሆስፒታል፣ ገበሬው ከገበያ፣ እናት ከልጇ የምትገናኝበት ነውና።

እንግዲህ ለሸዋ ሮቢት የሽንኩርት ገበሬ ምን ይደረግለት? ከማሾ፣ ከ8028፣ ከቪዲዮውና ከአንበጣው ካርታ የሚወሰደው ትምህርት ተደማምሮ ሊሠራ የሚችል ነገር ያሳያል። መጀመሪያ፣ በሽንኩርት መሰብሰቢያ ወራት የአዲስ አበባ፣ የደሴና የአዳማ ገበያዎች የጅምላ ዋጋ ከየገበያው ቆሞ በሚመዘግብ ሰው በየዕለቱ ተሰብስቦ፣ ገበሬው ማሳ ከመውረዱ በፊት በስልክ በድምፅ ሊሰማው ይገባል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአርጎብኛና በአፋርኛ። ሁለተኛ፣ ዋጋው ትርጉም እንዲኖረው ሽንኩርቱ በመጠንና በድርቀት ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ ይውጣለት፤ ደረጃውን ማሳ ላይ በዓይን ለመለየት የሚያስተምር ቪዲዮ የቀወት ገበሬዎች ራሳቸው ይሥሩት። ሦስተኛ፣ ገበሬው «ዛሬ አልሸጥም» ለማለት እንዲችል በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል አየር የሚያዘዋውር ማድረቂያና ማቆያ መጠለያ ይሠራለት። መረጃው ኃይል የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው፤ ማሾን የጠቀማት ዋጋዋ መታወቁ ብቻ ሳይሆን መቆየት መቻሏም ነበር። አራተኛ፣ ማን ምን ያህል ሄክታር እንደተከለና መቼ እንደሚነቅል ከየቀበሌው በስልክ ተመዝግቦ ለሁሉም ይገለጽ። ሁሉም በአንድ ሳምንት ነቅሎ ዋጋውን በራሱ ላይ የሚያወርደው ጎረቤቱ ምን እንዳሰበ ባለማወቁ ነው።

ደላላውን ማሳደድ መፍትሔ አይሆንም። መኪና የሚያገናኘው፣ ገዥ የሚያመጣው፣ ጫኝ የሚቀጥረው እሱ ነው፤ ለዚህ አገልግሎቱ ሊከፈለው ይገባል። ሊቀር የሚገባው ገበሬው ባለማወቁ ብቻ የሚያገኘው ትርፍ ነው። ዋጋው በሁለቱም ስልክ ላይ ሲሰማ ድርድሩ በጭነት፣ በጥራትና በጊዜ ላይ ይሆናል።

ከተዘረዘሩት መካከል አዲስ ሳተላይት ወይም ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አንድም የለም። ገበሬው ስልኩን ይዟል፤ የልማት ሠራተኛው በቀበሌው አለ፤ በየከተማው ኮምፒውተር የተማሩና ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ። የወረዳው ግብርና፣ ንግድና ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ከኢትዮ ቴሌኮምና ከግብርና ትራንስፎርሜሽን ኢንስቲትዩት ጋር ቢስማሙ፣ ሥራው በጥቂት ቀበሌዎች በአንድ የመስኖ ወቅት ተሞክሮ ውጤቱ ሊለካ ይችላል፦ ገበሬው በኪሎ ስንት አገኘ፣ ስንት ኩንታል በሰበሰ፣ ምን ያህል ሴቶች ደወሉ፣ ክፍያው በስንት ቀን ገባ።